የጫማ ሰፊው ልጅ

ማንቸስተር

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ጠንቷል።

ባለፈው ስልክ ስናወራ «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» እያሉ ሲደክሙ አንጀቴን በሉት። የስልክ ድምፅ ለጆሮዎ አስቸጋሪ እንደሆነ ገባኝ። ለዚህ ነው በወረቀት የጻፍኩልዎት። የእህቴ ልጅ ቀስ ብሎ ያነብልዎታል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው፤ ግራ እንዳይገባዎት ቀድሞ ይንገርዎት።

ያን ዕለት «እሑድ እንዴት ዋልሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «ኳስ ሜዳ ሄጄ አለቀስኩ» አልኩዎት። እርስዎ «አለቀስኩ» የምትለዋን ብቻ ሰምተው ደነገጡ። ይቅር ይበሉኝ። ክፉ ነገር አልደረሰብኝም። ያለቀስኩት ስለ አንዲት ኳስ ተጫዋች ነው።

ካዲጃ ሾው ትባላለች። የጃማይካ ልጅ ናት። እዚህ ለማንቸስተር ሲቲ የሴቶች ቡድን ነው የምትጫወተው፤ አጥቂ ናት። ሰዉ ሁሉ «በኒ» ይላታል፤ ጥንቸል ማለት ነው። ልጅ ሆና ካሮት ስለምትወድ ወንድሟ ነው ስሙን ያወጣላት።

ጃማይካ ስል ሐሳብዎ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሻሸመኔ ሱቃችን ደጃፍ የሚቀመጡት ደንበኞችዎ ትዝ ይሉዎታል። አንዱ ሽማግሌ ሰንደላቸው እስኪሰፋ እየጠበቁ ጃንሆይ በ1966 ኪንግስተን የገቡ ዕለት አውሮፕላን ማረፊያው እንዴት በሰው እንደተጥለቀለቀ ሲያወሩ አልረሳም። እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ ክር በሰም እየቀባሁ አዳምጥ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልዎት ግን ስለዚያ አይደለም። የዚች ልጅ አባት ጫማ ሰፊ ናቸው፤ እንደ እርስዎ። ይህን ያነበብኩ ዕለት ስልኬን አስቀምጬ ዝም ብዬ ቀረሁ። ወስፌዎ፣ መዶሻዎ፣ የማስቲሹ ሽታ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። እናቷ ዶሮ ያረቡ ነበር። ቤቱ 13 ልጆች ነበሩት። እሷ የመጨረሻዋ ናት። የተወለደችው በ1997 ስፓኒሽ ታውን በሚባል ከተማ ነው፤ የጃማይካ የድሮ ዋና ከተማ ነው፤ አሁን ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ከወንበዴና ከጠመንጃ ጋር ነው።

እናቷ መጀመሪያ ኳሱን አልወደዱትም። የወንድ ጨዋታ ነው፣ ትምህርትሽን ያዢ ነበር የሚሏት። አባባ፣ እማዬስ? ከሠፈር ወንዶች ጋር ሮጬ አቧራ ለብሼ ስመለስ ትቆጣኝ አልነበር? እርስዎ አንድም ቀን አልተናገሩም። አንድ ቅዳሜ ማታ ግን ሱቁን ዘግተው አመሹ። ጠዋት ስነሳ አልጋዬ ሥር ታኬታ አገኘሁ። ከአሮጌ የወታደር ጫማ ቆዳ የተሰፋ፣ ጥርሱ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ። ለእማዬ «የተማሪ ጫማ ነው» አሏት። እኔም እርስዎም ዝም አልን። 12 ዓመቴ ነበር።

ልጅቷ ከአገሯ የወጣችው በኳስም በትምህርትም ነው። ኳስ ስለምትችል የአሜሪካ ኮሌጆች በነጻ አስተማሯት። መጀመሪያ ቴክሳስ፣ ቀጥሎ ፍሎሪዳ፣ በመጨረሻ ቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በኮሙኒኬሽን ተመርቃለች። የእናቷም የእሷም ሐሳብ ሞላ ማለት ነው። በ2019 ፈረንሳይ ሄዳ ለቦርዶ ፈረመች። በሁለተኛው ዓመቷ 22 ጎል አግብታ የፈረንሳይ ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች። በ2021 ወደዚህ መጣች።

ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ግን አባባ፣ አራት ወንድሞቿን ቀብራለች። ሦስቱ በወንበዴዎች ግጭት ተገደሉ። አንዱ በመኪና አደጋ ሞተ። ከመርዶውም አንዳንዱን የሰማችው ባሕር ማዶ ሆና ነው።

መርዶ በባዕድ አገር ምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። እማዬ ያረፈች ዕለት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በሬን ሲያንኳኩ ገና ሳልከፍት ገብቶኛል። ወረቀቴ አላለቀም ነበር፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። እርስዎ በስልክ «ሥራሽን እንዳትተዪ ልጄ፤ እኔ አለሁ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። የምንከባከባቸው አሮጊት ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው ያዙኝ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም። እርስዎ ልጄን ከቀብር አስቀረኋት እያሉ እንደሚቆጩ እህቴ ነገረችኝ። አይቆጩ አባባ። ከአገር መውጣት የፈለግኩት እኔ ነኝ። እንድቆም ያደረገኝ የእርስዎ ቃል ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የጃማይካ የሴቶች ቡድን በገንዘብ ችግር ተበትኖ ነበር። በ2014 መልሶ እንዲነሳ የረዳችው የቦብ ማርሊ ልጅ ሴዴላ ናት። በ2019 ከካሪቢያን የሴቶች ዓለም ዋንጫ የገባ የመጀመሪያው ቡድን ሆኑ። ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፉ፤ 12 ጎል ገባባቸው። በ2023 አውስትራሊያ ሲሄዱ ደግሞ ገንዘቡ እንደገና ጠበበ። የአንዷ ተጫዋች እናት ከሕዝብ መዋጮ መሰብሰብ ጀመሩ። እስቲ ያስቡት፤ ዓለም ዋንጫ በእናት መዋጮ!

በመጀመሪያው ጨዋታ ከፈረንሳይ ጋር ዜሮ ለዜሮ ወጡ። ያ ለእነሱ እንደ ድል ነው። ግን መጨረሻ ላይ ካዲጃ ሁለተኛ ቢጫ አየችና በቀይ ወጣች። የሚቀጥለውን ከዳር ሆና ተመለከተች። ጓደኞቿ ፓናማን 1 ለ 0 አሸነፉ። ከዚያ እሷ ተመልሳ ከብራዚል ጋር ዜሮ ለዜሮ ወጡ። ብራዚል ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ጃማይካ አለፈች። በጥሎ ማለፉ ኮሎምቢያ 1 ለ 0 አሸንፋ አስወጣቻቸው። እኔ ያን ጨዋታ በሥራ እረፍቴ ሰዓት በስልኬ ነው ያየሁት። አብራኝ የምትሠራ የጃማይካ እትዬ አለች። እጄን ጨብጣ ይዛኝ ነበር፤ እስኪያልቅ አልለቀቀችኝም።

በቀጣዩ የሊግ ዓመት ካዲጃ በ18 ጨዋታ 21 ጎል አገባች። ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች። ተጫዋቾቹ ራሳቸው የዓመቱ ምርጥ ብለው መረጧት። ያሳዘነኝ እግሯ ተጎድቶ የመጨረሻዎቹን ጨዋታዎች ሳትጫወት መቅረቷ ነው። ሲቲና ቼልሲ እኩል 55 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ዋንጫው በጎል ልዩነት ለቼልሲ ሆነ። በጎል ልዩነት አባባ! እሷ ብትኖር ዋንጫው እዚህ ይቀር ነበር፤ ማንም ሌላ ቢለኝ አልሰማም።

አጨዋወቷን ቢያዩት ይወዱታል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው። ጀርባዋን ለተከላካይ ሰጥታ ኳሷን ትይዛለች፤ ማንም አይነቀንቃትም። በቴስታም ታገባለች፤ በእግሯም ታገባለች። አንዳንዴ ሁለት ሆነው ይይዟታል። ያኔ ኳሷን ነካ አድርጋ ለጓደኛዋ ትሰጥና ክፍት ቦታ ትፈልጋለች። ሥራዋን የምታውቅ ሰው መሆኗ ከሩቅ ያስታውቃል። ለጃማይካ ከወንድም ከሴትም እንደ እሷ ጎል ያገባ የለም።

በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከአርሰናል ጋር ከተደረገ የዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በኋላ በኢንተርኔት በቀለሟ ሰደቧት። በሚቀጥለው ጨዋታ አልሰለፍም ብላ ቀረች። አንዳንዱ ለምን አልቻለችውም አለ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ሁልጊዜ መቻል የለበትም። ደክሞኛል ማለትም መብት ነው። ከዚያ ተመልሳ ያን ዓመት በኮከብ ግብ አግቢነት ከአንዲት የአርሰናል ተጫዋች ጋር በ12 ጎል እኩል ጨረሰች።

እሑድ ዕለት እትዬ ናት ትኬት የገዛችልኝ። የሴቶቹ ሜዳ ትንሽ ነው፤ 7,000 ሰው ነው የሚይዘው። ከተጫዋቾቹ ጋር እንቀራረባለን። ካዲጃ ሊያሟሙቁ ሲወጡ ጎንበስ ብላ የታኬታዋን ማሰሪያ አጠበቀች። ከዚያ ሶሉን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። እርስዎ ጫማ ሰፍተው ከመስጠትዎ በፊት እንደሚያደርጉት ነበር ያደረገችው። አባቷን አይታ ይሆናል፤ ወይም ሁሉም ተጫዋች ያደርገዋል። እኔ ግን እንባዬ መጣ። እትዬ ምን ሆንሽ ሳትለኝ ሶፍት ሰጠችኝ።

አሁን ወረቀቴ አልቋል አባባ። ፈቃድም አግኝቻለሁ። ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ሦስት ሳምንት እቆያለሁ። መነጽርና ለወገብዎ የሚሆን ቀበቶ ይዤ ነው የምመጣው። ለእህቴም ነግሬያታለሁ፤ መጀመሪያ ከእርስዎ ጋር እማዬ መቃብር እንሄዳለን።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ያ ታኬታ ከሥራ ሳጥንዎ ሥር ጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር። ካለ እንዳይጥሉት። የግራው ጥርስ ተነቅሏል፤ ስመጣ አብረን እንመታዋለን።

ልጅዎ