ማሽኑ የጋራ፣ ጭምብሉ የግል፦ የመተንፈስ ችግር ላለባቸው ልጆቻችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በሩቅ ላላችሁ የአገር ልጆች፦

የመተንፈስ ችግር ያለባቸው ልጆች ወላጆች በእድራችን ሥር ተሰባስበን፣ ለየቤቱ በውሰት የሚሰጡ 4 ኔቡላይዘሮችን (የታዘዘን መድኃኒት እንደ ጉም አድርገው ወደ ሳንባ የሚያስገቡ ማሽኖች) እና መብራት ሲጠፋ የሚያሠሯቸውን ባትሪዎች ለመግዛት እርዳታችሁን እንጠይቃለን። አብዛኞቹ ልጆች አስም ያለባቸው ሲሆኑ፣ የእኔ ልጅ ሕመም ግን ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል፣ ከእናትና ከአባት በዘር የሚወረስ ነው።

ልጄን ስስመው ግንባሩ ጨው ጨው ይለኝ ነበር። ከጨዋታ ሲመለስ ላቡ ደርቆ ጆሮው ሥር ነጭ ሆኖ ይታያል፤ እኔ ግን የከተማችን ሙቀት ነው እያልኩ ዓመታት አሳለፍኩ። ሳሉ ሲበረታ አንዴ አለርጂ፣ አንዴ አስም ተባለ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በሰውነት ውስጥ የጨውን መተላለፊያ የሚሠራው ጂን (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 የተገኘው) ሲበላሽ ላብ ጨው ይበዛበታል፤ የሳንባ አክታም እንደ ሙጫ ይወፍርና ጀርም ይራባበታል። አለርጂ መባሉም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ እንዲህ ባለ ሳንባ ውስጥ ሲያድር አንዳንድ ልጆች በአለርጂ መልክ ይታመሙና ደረታቸው ሲር ሲር ይላል። ስለዚህ በክረምት የረጠበ ግድግዳና የሻገተ ጭድ ያስፈራኛል።

ኔቡላይዘሩ በሐኪም የታዘዘውን የጨው ውሃ እንደ ጉም አድርጎ ወደ ሳንባው ያስገባል፤ አክታው ሲላላ ጀርባውን መታ መታ እያደረግሁ አስለዋለሁ። መብራት በጠፋበት ሌሊት ግን ጀርባውን ከመምታት በቀር የማደርግለት የለኝም።

ለአስም ልጆች ስፔሰር (ከኢንሄለር፣ ማለትም በአፍ ከሚሳብ መድኃኒት መንፊያ ጋር የሚገጠም ባዶ መያዣ) ግዙልን አንልም። የ500 ሚሊ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሥሩ ተበስቶ ኢንሄለር ቢሰካበት እንደሚያገለግል በደቡብ አፍሪካ ተጠንቷል፤ ይህንኑ ለወላጆች እናሳያለን። ኔቡላይዘሩን የሚወስዱት ሐኪም ያዘዘላቸው ብቻ ናቸው።

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለባቸው ልጆች አደገኛ ጀርም እርስ በርስ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ በአንድ ክፍል አናሰባስባቸውም፤ የሕክምና ክፍል ሥሩልን ያላልነውም ለዚህ ነው። ማሽኑ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ጭምብሉና የመድኃኒቱ ኩባያ ግን የእያንዳንዱ ልጅ የግሉ ይሆናል፤ በየጊዜው ታጥቦ፣ 5 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ በንጹሕ ቦታ ይደርቃል።

ገንዘቡን የሚቀበለው በደረሰኝ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነው። ገቢና ወጪው በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ይነበባል። ገንዘብ የማይመቻችሁ የሚሠራ ባትሪ ወይም ያልተከፈተ የሕፃናት ጭምብል ብታመጡልን በምስጋና እንቀበላለን።