ጉዳዩ፦ ከሣር ዘር ጋር አብሮ ስለተሸጠልኝና ዘሩን እንዳይበቅል ስላደረገው ማዳበሪያ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

«ለአዲስ ሣር ሙሉ ጥቅል» ብላችሁ የምትሸጡትን፣ አንድ ከረጢት የሣር ዘርና አንድ ከረጢት ማዳበሪያ የያዘ ካርቶን ከድርጅታችሁ ገዝቼ፣ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው መመሪያ መሠረት ግቢዬ ውስጥ ዘርቻለሁ። ሣሩ አልበቀለም። ይህንኑ በስልክም በጽሑፍም ባሳውቅም የተሰጠኝ መልስ «ውሃ አንሶት ይሆናል፣ ጠዋትና ማታ ያጠጡ» የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ስልክ ከሚያነሱት ሠራተኞቻችሁ ውጭ የሚመለከተው ኃላፊ እንዲያየው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የውሃውን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰው። ዘሩ ያረፈበት አፈር ላዩ እንዳይደርቅ በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ዘሩን በማያጥብ ደቃቅ ርጭት ጠጥቷል። ከዚያ በፊት መሬቱ ተቆፍሮ፣ ጓሉ ደቅቆ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ ተደልድሏል። ዘሩም ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ አፈር ለብሶ በጣውላ ተጠቅጥቋል። ከረጢቱ ላይ ድብልቁ ራይግራስ፣ ፌስኪዩና ኬንታኪ ብሉግራስ እንደሆነ ተጽፏል። አፈሩ ሞቅ ካለለት ራይግራስ በአንድ ሳምንት ገደማ ይወጣል፤ ፌስኪዩ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ብሉግራስ ሰነፍ ነው፣ እስከ 4 ሳምንት ሊያስጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ብሉግራሱ ቢዘገይ እንኳ ራይግራሱ ቀድሞ ብቅ ማለት ነበረበት። እኔ ደግሞ ብሉግራስ ከሚፈልገው ጊዜም በላይ ጠብቄያለሁ።

የጠረጠርኩት ግቢው ራሱ ባሳየኝ ነገር ነው። በአጥሩ ሥር ማዳበሪያ መበተኛው ጋሪ ያልደረሰበት አንድ ስንዝር የሚሆን ጠርዝ አለ። ዘሩን በእጄ ስለበተንኩ ዘሩ እዚያም ደርሷል። ያቺ ጠርዝ ዛሬ ጥቅጥቅ ያለ ለምለም ሣር ናት፤ ከእሷ ወዲህ ያለው ሁሉ ባዶ አፈር ነው። ድንበሩም ጋሪው የሄደበትን መስመር ተከትሎ ቀጥ ብሏል። አፈሩ አንድ፣ ዘሩ አንድ፣ ውሃው አንድ ነው። የተለየው ማዳበሪያው ብቻ ነው።

በዓይን አይቶ መፍረድ እንዳይሆንብኝ ከተረፈው ዘር 100 ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ሶፍት ላይ ደረደርኩና ፌስታል ውስጥ አስቀመጥኩት። አብዛኛው በቀለ። ይህን የምጽፈው ለፍትሐዊነት ስል ነው፦ ዘራችሁ ጥሩ ነው፣ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቀጥሎ ሁለት ማሰሮ በአንድ ዓይነት አፈር ሞልቼ ሁለቱም ላይ ዘራሁ። በአንደኛው ላይ ብቻ ማዳበሪያችሁን ጨመርኩ። ማዳበሪያ የሌለው ማሰሮ አረንጓዴ ሆነ። ማዳበሪያ ካለው ጥቂት ቡቃያ ብቅ ቢልም ወዲያው ጠወለገ። በቢላ ጫፍ ፈልቅቄ ሳወጣው ሥሩ ሳይረዝም ቀርቶ ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ አብጧል። ፎቶግራፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው የማዳበሪያውን ከረጢት ገልብጬ ያነበብኩት። በጀርባው፣ ከስፌቱ ሥር፣ ለማንበብ ዓይን በሚያደክም ፊደል ፔንዲሜታሊን እንደያዘ ተጽፏል። ጠጠሮቹ ቢጫ የሆኑትና በመተላለፊያው ንጣፍ ላይ ያልለቀቀ ቢጫ እድፍ የተዉት በእሱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ይህ ኬሚካል ሥራው የአረም ዘር ከመውጣቱ በፊት ማስቀረት ነው። በቡቃያው ሥር ጫፍ ላይ ሴሎች እንዳይከፋፈሉ ስለሚያግድ ሥሩ ማደግ ያቆማል። ሥሩ ጠልቆ ለቆየ የግቢ ሣር ጠቃሚ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የአረም ሣር ዘርንና በገንዘብ የተገዛ የሣር ዘርን አይለይም፤ አፈር ውስጥም ለወራት ይቆያል።

የቅሬታዬ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። እዚያው ከረጢት ጀርባ ላይ «አዲስ በተዘራ ሣር ላይ አይጠቀሙ» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ካርቶናችሁ ፊት ለፊት ደግሞ በትልቁ «ዘሩን እንደበተኑ ማዳበሪያውን ያስከትሉ» ይላል። ሁለቱንም የጻፈው አንድ ድርጅት ነው። ሁለቱን ከረጢቶች በአንድ ካርቶን ያሸገውም እሱ ነው። ደንበኛው የቱን እንዲታዘዝ ነበር የታሰበው? አዲስ ለሚዘራ ሣር የሚሆነው ፀረ አረም ያልተቀላቀለበት፣ ሥር የሚያጠነክር ፎስፈረስ ያለው የመነሻ ማዳበሪያ ነው። አረሙንም አብሮ መከላከል ካስፈለገ እንደ ሜሶትሪዮን ያሉ፣ በድብልቃችሁ ውስጥ ያሉትን የሣር ዓይነቶች ሲዘሩ አብረው የሚውሉ ኬሚካሎች አሉ። ይህ ለዘር ነጋዴ አዲስ ነገር ነው ብዬ አላምንም።

ስልክ ያነሱት ሠራተኛችሁ በመጨረሻ «ምትክ ጥቅል እንላክልዎ» ብለውኛል። ትሕትናቸውን አመሰግናለሁ፣ ነገር ግን ያንኑ ካርቶን በዚያው አፈር ላይ ብደግመው የሚገኘው ውጤት ያው ነው። ዘሩ ብቻ ቢላክም መድኃኒቱ ከአፈሩ ሳይወጣ ብዘራው ዘር ማባከን ይሆናል።

በመሆኑም የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የጥቅሉ ሙሉ ዋጋ እንዲመለስልኝና ለመሬት ዝግጅቱ ያወጣሁት ወጪ እንዲታይልኝ፤ ደረሰኞቹ ተያይዘዋል። በከረጢቱ ላይ በታዘዘው መጠን የተበተነ ፔንዲሜታሊን ከስንት ጊዜ በኋላ ዘር እንደሚያስበቅል፣ ባለሙያችሁ ፈርሞበት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ። መድኃኒቱን ይዞ የሚያስቀር ገቢር ከሰል አፈሩ ላይ መበተን የሚያዋጣ ከሆነም ከሰሉን ድርጅቱ እንዲያቀርብ። ከሁሉም በላይ ይህ ጥቅል ከሽያጭ እንዲነሳና ለገዙት ሰዎች ሁሉ ማስታወቂያ እንዲደርሳቸው እጠይቃለሁ። እስካሁን ያልዘሩ ሰዎች ማዳበሪያውን ለይተው ቢያስቀምጡት ዘሩ ይተርፍላቸዋል፤ የዘሩት ደግሞ ውሃ ማጠጣታቸውን ይቀጥላሉ እንጂ ምክንያቱን አያውቁትም።

የመዝሪያው ወቅት እያለፈ ስለሆነ መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልደረሰኝ ሁለቱን ከረጢቶች፣ ካርቶኑንና ፎቶግራፎቹን ይዤ የሸማቾችን አቤቱታ ለሚያየው አካል አቀርባለሁ። የተረፈውን ማዳበሪያ ሳልጥል አስቀምጫለሁ፤ ናሙና ለመውሰድ ሰው ብትልኩ በሬ ክፍት ነው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ