የልጆቹ ፕሮግራምና ግራንቱ ጉዳይ

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እሁድ ስብሰባ ላይ ላልነበራችሁ ነው የምጽፈው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መልስ የት እንደሚውሉ ታውቃላችሁ፣ እናትም አባትም ፈረቃ ላይ ናቸው ልጁ ገና አስራ ሶስት አመቱ ነው፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አፓርታማው ደረጃ ላይ ቁጭ ይላል ትልልቆቹ ሲመጡ ተነስቶ ይከተላቸዋል፣ በቃ ጥፋት እንዲህ ነው የሚጀመረው።

ልጆቹን ከዚህ ለሚጠብቅ እንደኛ ላለ ፕሮግራም የመንግስት የድጋፍ ገንዘብ፣ ግራንት የሚሉት፣ አለ። እዚህ አሜሪካ በፈረንጆቹ በ1974 የወጣውና በ2018 የታደሰው የወጣት ጥፋት መከላከያ ህግ አለ፣ በሱ መሰረት የፌደራሉ ፍትህ ሚኒስቴር ለስቴቶች ይሰጣል ስቴቱ ደግሞ እንደኛ ላሉት ያከፋፍላል። እኔ በስቴቱ በኩል እንግባ ነው የምለው፣ በቀጥታ ፌደራሉን ካልን ማመልከቻው በሁለት ድረገጽ ነው የሚገባው፣ ግራንትስ ዶት ጎቭ ላይ አንድ ዴድላይን ጀስትግራንትስ ላይ ሌላ ዴድላይን ነው። ግን ሙሉ በሙሉ የመንግስት ገንዘብ ላይ አንደገፍ፣ በ2025 ኤፕሪል ስንት የጸደቀ የፍትህ ሚኒስቴሩ ግራንት መሃል ላይ ተቋርጦ ሰው የቀጠሩ ድርጅቶች ሜዳ ላይ ቀርተዋል።

ሌላው ሳም ዶት ጎቭ ላይ፣ የፌደራል ገንዘብ የሚፈልግ ድርጅት የሚመዘገብበት የመንግስት ድረገጽ ነው፣ መመዝገብ ነጻ ነው፣ በየአመቱ ማደስ ብቻ ነው። አምና አንድ ድርጅት ደውሎ ክፈሉ ሲለን ከፈልን፣ ያ ብር የልጆቹ መክሰስ ይሆን ነበር እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን የሚያስፈልገን የልጆቹ አቴንዳንስ ነው፣ ግራንቱን የሚሰጡት ስንት ልጅ መጣ ስንቱ ቀረ ብለው ይጠይቃሉ። ቅዳሜ የምታስጠኑ ልጆች እባካችሁ የአቴንዳንሱን ደብተር ይዛችሁልኝ ኑ።