እማዬ እያለች እንጻፈው

ይድረስ ለምወድህ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት ወይ? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ እዚህ ካናዳ ካልጋሪ ዛሬም በረዶ ነው። በስልክ ሁሌ እናወራለን ግን እማዬ የምታውቀውን የቤተሰባችንን ታሪክ እንጻፍ የሚለውን ጉዳይ በስልክ ብጀምረው ወይ ኔትወርኩ ይቆረጣል ወይ እማዬ ስልኩን ትቀበልህና ስለ ልጆቹ መጠየቅ ትጀምራለች፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ ብዬ ነው፣ ረጅም ነው ቀስ ብለህ አንብበው።

ይኸውልህ እዚህ ሁለት ልጆች ሊጋቡ ነው፣ እሱም እሷም ቤተሰባቸው ጎጃም ነው፣ የተዋወቁት ግን እዚሁ ነው። ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ አባት መጀመሪያ ዘር ይቆጠር አሉ። መቼም ታውቃለህ ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። የልጁ ወገኖች ባባቱ በኩል ትንሽ ቆጠሩና ቆሙ፣ በናቱ በኩልማ አያቱን አልፈው አልሄዱም። በመጨረሻ እዚያው ጎጃም መራዊ ተደወለ፣ የአያቱ እህት እዚያ አሉ፣ በጣም ያረጁ ሴትዮ ናቸው፣ ስልኩ ላውድ ተደርጎ ሳሎን ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ እያዳመጠ እሳቸው እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ ደግሞ እገሊትን ወለደ እያሉ በናትም ባባትም እንደ ዳዊት ወረዱት። አልፎ ስምንት ላይ ደረሰ፣ እልል ተባለ። እኔ ግን እልልታው መሃል ሆኜ የማስበው ሌላ ነበር፣ እኚህ ሴትዮ ስልኩን የሚያነሱት እስከ መቼ ነው? ከሳቸው በኋላ ማን ጋ ይደወላል?

የድሮ ሰው ይሄን ሁሉ የሚያስታውሰው ጭንቅላቱ ከኛ ስለሚበልጥ አይመስለኝም፣ ጉዳይ ስለነበረው ነው። ያኔ ጎጃም ውስጥ ርስት የሚገኘው በናትም ባባትም ቆጥረህ መሬቱን መጀመሪያ የያዘው አባት ጋ ስትደርስ ነበር፣ ዳኛ ፊት ቆሞ መቁጠር ያቃተው ሰው ሙግቱን አይረታም ነበር፣ ስለዚህ ልጁን ከብት በሚያግድበት እድሜ ነበር የሚያስጠኑት። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ መሬት የህዝብ ሆነ፣ የሚደለድለው የገበሬ ማህበር ሆነ፣ ቆጥሮ መሬት ማግኘት ቀረ። በአዋጁ ላይ ክፉ አልናገርም ስንት ጭሰኛ ነጻ ወጥቶበታል፣ ግን ለልጅ ዘር የማስቆጠሩም ምክንያት አብሮ ሄደ። ዘር የሚቆጠረው ለጋብቻ ብቻ ሆነ፣ እሱም ከተማ ላይ እየላላ ነው። እኔና አንተ ከዚያ በኋላ ነው የተወለድነው፣ ማንም አላስጠናንም። ልጆቼማ አይነሳ። ስለዚህ አሁን የቀረን መጻፍ ነው፣ እማዬ ቁጭ ብላ እያወራች።

የስም ዝርዝር ብቻ አይደለም የምልህ። እማዬ ያላትን ነገር አስበው እስቲ። አባቷ አባባ ጣልያን በገባ ጊዜ ጎረምሳ ነበር፣ ጫካ ለነበሩት አርበኞች በሌሊት ስንቅ ያመላልስ ነበር፣ ተኩሶ አያውቅም፣ እራሱ ነው እንዲህ ብሎ የነገራት። እዚህ የማገኘው የጎጃም ሰው ሁሉ አያቱን ከበላይ ዘለቀ ጎን ያሰልፈዋል፣ እባክህ እኛ እንዲህ አናድርግ፣ ስንቅ ያመላለሰ ሰው ስንቅ አመላለሰ ተብሎ ይጻፍ፣ ቢያዝ እኮ የሚጠብቀው ያው ሞት ነው። ደግሞ ተመልከት፣ ያው ጣልያን ተሸንፎ ከወጣ በኋላ በከፈለው የጦር ካሳ በ1953 ባህር ዳር ላይ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተከፈተ፣ እማዬ አድጋ እዚያው ፈትል ክፍል ተቀጠረች፣ እኛ በዚያ ደሞዝ ነው ደብተር ተገዝቶልን የተማርነው። አባባ ልጄ ፋብሪካ ገባች ሲባል ምን አለ? ደስ አለው ወይስ ተቆጣ? ይሄን ማንም ጠይቋት አያውቅም፣ አንተ ጠይቃት። የሌሊት ፈረቃ ስትወጣ በየት በኩል ነበር የምትመጣው፣ ከማን ጋር፣ የመጀመሪያ ደሞዟን ምን ገዛችበት፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን።

አሁን ከባዱ ነገር። የአባባ ወንድም ለጣልያን አድሮ ነበር። ታውቃለህ እማዬ እዚህ ጋ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ ሰው ከመጣ ጭራሽ ወሬ ትቀይራለች። እኔ ስለዚህ ብዙ አሰብኩበት፣ የኔ ሀሳብ ይጻፍ ነው። አንድ እናት ከወለደቻቸው አንዱ ለአርበኛ ስንቅ ሲያመላልስ አንዱ ባንዳ የሆነበትን ዘመን ልጆቻችን ካላወቁ ያ ጦርነት ቤት ውስጥ ምን እንዳደረገ በምን ይገባቸዋል? ግን የሰውየው ልጆችና የልጅ ልጆች አሁንም እዚያው አገር አሉ፣ ለቅሶ የሚደርሱን ናቸው፣ ምንም ያጠፉት ነገር የለም። ስለዚህ ያ ክፍል ለብቻው በሌላ ደብተር ይሁን፣ ማን መቼ እንደሚያነበው የምትወስነው እማዬ ናት፣ እኔ ሳልሞት አይነበብ ካለች አይነበብም። ቃላችንን ቀድመን እንስጣት፣ ያለዚያ እውነቱን አትነግርህም።

አጠያየቁ ላይ ደግሞ አደራ። ታሪክሽን ንገሪን ብለህ ካሜራ ደቅነህ ከተቀመጥክ ምን ታሪክ አለኝ ብላ ትነሳለች። ቡና ስታፈላ ስልኩን ሪከርድ ላይ አድርገህ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠው፣ እየቀረጽክ መሆኑን ግን ንገራት በድብቅ አይሆንም፣ ከዚያ አንድ ፎቶ አውጣና ይሄ ማነው በላት፣ በቃ እሷ ትቀጥላለች። አታቋርጣት፣ ባለፈው እንዲህ አላልሽም ነበር አትበላት፣ ሁለት አይነት ካወራችው ሁለቱንም እንጽፋለን። ጉልበቷ እሺ ካለ ደግሞ ባጃጅ ያዝና ከጊዮርጊስ ተነስታችሁ በቅዳሜ ገበያ አድርጋችሁ ሽንብጥ ድረስ ዙሩ፣ በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይም አሳያት፣ ድሮ እዚህ ምን ነበር እያልክ፣ ቦታ ሲታይ የሚመጣ ወሬ ቤት ቁጭ ተብሎ አይመጣም።

ዓመተ ምህረት አታስጨንቃት፣ እሷ የምትቆጥረው በነገር ነው። ጨርቃ ጨርቅ ሲከፈት ልጅ ነበርሽ ወይስ አድገሽ ነበር፣ ደርግ ሲመጣ ማንን አርግዘሽ ነበር፣ እንደዚህ ብለህ ያዘው እኔ አሰላዋለሁ። ሁሉንም በኛ አቆጣጠር ጻፍ፣ የፈረንጁን ጎን ላይ እኔ እጨምራለሁ፣ ልጆቼ ጣልያን በ1928 ገባ ሲባሉ ኢንተርኔት ላይ 1935 ያገኙና አያታችን ተሳስታለች ይላሉ። ንግግሯን ደግሞ እንዳታስተካክለው፣ እንደምትናገረው ይጻፍ የጋዜጣ አማርኛ አታድርገው። እና ደብተር ግዛላትና የምታውቃቸውን ስሞች በራሷ እጅ ትጻፍ፣ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ ከፋብሪካ መልስ የቆጠረችው ፊደል ነው፣ ያቺን የእጅ ጽሁፏን ልጆቼ እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

ባባዬ በኩል ዘጌ አክስታችን አለች፣ እሷም እማዬን ትከተላለች በእድሜ። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ስለሆነ ሁሉም በቡናና በጌሾ ነው የኖረው፣ ቡናውን በታንኳ ጭነው ባህር ዳር ገበያ ሲያመጡ እሷ አብራ ትመጣ ነበር። ስለዚያ ጠይቃት፣ ማዕበል ሲነሳ ምን ያደርጉ እንደነበር፣ ታንኳው የሚሠራበትን ደንገል ማን ያጭድላቸው እንደነበር። አባዬም የኛን ልደትና ክርስትና ቀን በዳዊቱ መጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ ጽፎታል፣ የጣና ገዳማትም እኮ የመሬት ስጦታውን ምኑን በብራናው ባዶ ቦታ ላይ ነው ሲጽፉ የኖሩት። ያንን ገጽ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሳልኝ። የሞቱትንም የክርስትና ስማቸውን ጠይቅ፣ ዝክርና ጸሎት ላይ የሚጠራው እሱ ነው፣ እሱ ከጠፋ ከየትም አይገኝም።

የቀዳኸውን በቴሌግራም ላክልኝ፣ ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እያዳመጥኩ እኔ እጽፈዋለሁ። ስልክህ ላይ ብቻ እንዳይቀር ፍላሽ ላይም ገልብጠው፣ ሲያልቅ ደግሞ ወረቀት ላይ አሳትመን አንዱ እማዬ ጋ አንዱ እኔ ጋ አንዱ ዘጌ ይቀመጣል። ለደብተሩም ለባጃጁም ለፍላሹም የሚሆን ሰሞኑን እልክልሃለሁ።

እኔ ነኝ ያልኩት ብለህ ንገራት፣ እምቢ ካለችህ ደውልልኝ እኔ እለምናታለሁ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በልልኝ። በል ደህና ሁን፣ መልስህን ቶሎ።

እህትህ