ዋሱ ማነው?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ ያጠራቀምኩትን መኒ ማርኬት ላስገባው?» ስትዪኝ መልሴን አሳጠርኩብሽ። ሥራ ልገባ እየተጣደፍኩ ነበር። ዛሬ ዕረፍት ነኝ፤ ቡናዬን አፍልቼ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የራሴን ልንገርሽ። ኩሽናው መሳቢያ ውስጥ የማስቀምጠው የባንክ ወረቀት ትዝ ይልሻል? ለዓመታት 20,000 ዶላር ተራ ሴቪንግ አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ወለዱ 0.01 ከመቶ። በየወሩ የሚገባልኝ 17 ሳንቲም፤ በዓመት 2 ዶላር። ሌሊት ተሠርቶ፣ ዕቁብ ተጥሎ፣ ከአፍ ተቀንሶ የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። ማንም አላታለለኝም፤ የጠየቅኩት ነገር አልነበረም። አንቺ ገና ሥራ በጀመርሽ በዓመትሽ መጠየቅሽ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ዕቁብ ላይ ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዳኛው ዋሱን ሳያይ አይሰጥም። አንቺም ገንዘብሽን የትም ስታስገቢ ይህንኑ ጠይቂ፦ ዋሱ ማነው?

እዚህ ላይ ስሙ ያደናግራል። መኒ ማርኬት አካውንት አለ፤ መኒ ማርኬት ፈንድ አለ። አካውንቱ የባንክ ነው። ባንኩ ቢወድቅ ኤፍዲአይሲ የሚባለው የባንክ ተቀማጭ ዋስ የሆነ የመንግሥት ድርጅት በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር ይከፍልሻል። ክሬዲት ዩኒየን፣ ማለትም አባላቱ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት እንደ ባንክ ያለ ማኅበር ከሆነም ኤንሲዩኤ የሚባለው በዚያው መጠን ዋስ ነው። ፈንዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን ያዋጣል፤ ፈንዱ ያንን ለመንግሥት፣ ለባንኮችና ለትልልቅ ኩባንያዎች ለአጭር ጊዜ ያበድራል። ወለዱ ለባለድርሻዎቹ ይከፋፈላል። አንዱ ድርሻ ሁልጊዜ 1 ዶላር ሆኖ እንዲቆይ ይጥራሉ። ይጥራሉ እንጂ ዋስ የላቸውም። ኤስአይፒሲ የሚባለው ዋስትናም ድርሻሽን የያዘልሽ ድርጅት ቢከስር ነው እንጂ፣ ፈንዱ ራሱ ዋጋው ቢወርድ አይደርስልሽም።

መስከረም 2008 እንደ አውሮፓውያኑ፣ አንቺ ገና ትንሽ ልጅ ነበርሽ። ሌማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ ባንክ ከሰረ። ሪዘርቭ ፕራይመሪ ፈንድ የሚባል መኒ ማርኬት ለሌማን 785 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር። በማግስቱ የ1 ዶላሩ ድርሻ 97 ሳንቲም ሆነ። ሦስት ሳንቲም ብዙ አይደለም ትዪ ይሆናል። ግን ሰው ሁሉ ገንዘቤን ብሎ ሮጠ፤ ፈንዱ በሩን ዘጋ። ገንዘቡ በመጨረሻ አብዛኛው ተመለሰ፣ ቆይቶ ነው እንጂ። ደመወዝ የሚከፍልበትን ወይም የቤት ኪራዩን እዚያ ያስቀመጠ ሰው ምን ሆነ እያልኩ አስባለሁ።

ስለዚህ ፈንድ ከመረጥሽ ዓይነቱን እዪ። ገቨርመንት ፈንድ የሚባለው ቢያንስ 99.5 ከመቶውን በመንግሥት ሰነድ፣ ያንኑ ሰነድ መያዣ አድርጎ በሚሰጥ ብድርና በጥሬ ገንዘብ ነው የሚይዘው። ፕራይም የሚባለው ኩባንያም ያበድራል፤ ወለዱ ትንሽ ከፍ ይላል። ለዚያች ትንሽ ጭማሪ እንቅልፍሽን አትስጪ። የሚቆርጡብሽንም ክፍያ እዪ፦ በ20,000 ዶላር ላይ 0.5 ከመቶ ማለት በዓመት 100 ዶላር ነው፤ 0.1 ከመቶ ከሆነ 20 ዶላር።

እኔ ይበልጥ የምወደው የግምጃ ቤቱን ሰነድ፣ ቲ-ቢል የሚሉትን ነው፤ ለመንግሥት ለአጭር ጊዜ ታበድሪያለሽ ማለት ነው። ዋሱ ራሱ የአሜሪካ መንግሥት ነው። ከ4 ሳምንት እስከ 52 ሳምንት አለ። ትሬዠሪ ዳይሬክት በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በ100 ዶላር ይጀመራል። ለምሳሌ ዛሬ 990 ከፍለሽ ከ13 ሳምንት በኋላ 1,000 ትቀበያለሽ፤ በዓመት ሲታሰብ 4 ከመቶ ገደማ ማለት ነው። ወለዱ የፌዴራል ግብር አለው፤ የስቴት ግን የለውም። እኛ ሜሪላንድ ስላለን ከስቴቱም ከካውንቲውም ግብር ነው የሚተርፍልን። ይቺ ትንሽ ነገር አይደለችም።

ሲዲ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ ላይነካ ባንክ የሚቀመጥ ገንዘብ፣ ደግሞ ወለዱን አስሮ ይይዝልሻል፤ አንቺንም አስሮ። አያትሽ ታመሙ ተብሎ ሲደወልልኝ ገንዘቤ የአንድ ዓመት ሲዲ ውስጥ ነበር። ለትኬት ላወጣው ስሄድ የሦስት ወር ወለድ ይቆረጣል አሉኝ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ወደኔ አዙራ ፊርማዬን በጣቷ አሳየችኝ። ቆረጡት። ሄድኩ፤ ደረስኩላቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የፈንዱ ወለድ እንደዛሬው ይቆያል ብለሽ እንዳታስቢ። ፌዴራል ሪዘርቭ የሚባለው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲቀንስ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። 2021 ላይ ከኔ 17 ሳንቲም እምብዛም አይሻልም ነበር፤ 2023 ላይ 5 ከመቶ አለፈ።

እኔ አንቺን ብሆን የስድስት ወር ኪራይና ወጪ ጥሩ ወለድ የሚከፍል፣ ኤፍዲአይሲ ያለው ሴቪንግ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ድንገት ብትታመሚ፣ መኪናሽ ብትቆም፣ ቶሎ ታወጪዋለሽ። የቤት ቅድሚያ ክፍያ ብለሽ የያዝሽውን ቲ-ቢል። ከዚያ የሚተርፈውን ገቨርመንት ፈንድ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስትመጪ ያየሽውን ፈንድ ስም ይዘሽ ነይ፤ ላፕቶፕሽንም አትርሺ። ለማን እንዳበደረ ዝርዝሩን አብረን እናነባለን። የኔ ሲዲ በሚመጣው ወር ጊዜው ይደርሳል፤ የት እንደማዞረው አንቺም ሐሳብሽን ትሰጪኛለሽ።

እናትሽ