በአደራ ስለተሰጠች ጥንቸል አያያዝና ከእውነት ውጭ ስለተሞላ መዝገብ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኦገስት 18 ቀን 2025

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
የቤት እንስሳት ማጓጓዣና ማቆያ አገልግሎት
ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ ተከፍሎበት ላልተሰጠ አገልግሎትና በዚሁ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት ካሳ ስለመጠየቅ

ቤተሰባችን የልጆች ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ «ሻሼ» የምንላትን ጥንቸላችንን ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኘው ቤታችን ተረክባችሁ ወደ ማቆያችሁ እንድታጓጉዙ፣ እስክንመለስም ድረስ እንድትንከባከቡልን ተዋውለን ሙሉ ክፍያውን በቅድሚያ መፈጸማችን ይታወቃል። ውሉ በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ ቅሬታዬንም በዚሁ ቋንቋ አቀርባለሁ። እንስሳ በማንም እጅ ሊታመም እንደሚችል አውቃለሁ። ያሳዘነኝና ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ፣ ጥንቸሏ መብላት ካቆመች በኋላም «በደንብ በልታለች» እየተባለ በየቀኑ ሲጻፍልን መቆየቱ ነው።

ይዘናት እንዳንጓዝ መንገዱ አይፈቅድም ነበር። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ ለመድረስ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ይበረራል፤ ጥንቸልን በመንገደኞች ክፍል የሚያሳፍር አየር መንገድ እጅግ ጥቂት ነው፤ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ደንብም አየር መንገዶች በአገልጋይ እንስሳነት እንዲቀበሉ የሚያስገድዳቸው ውሻን ብቻ ነው። በጭነት ክፍል መላክን አላሰብነውም። ድርጅታችሁን የመረጥነውም ጥንቸልን ከውሾች ለይቶ በጸጥታ የሚያኖር ክፍልና የጥንቸልን ጠባይ የሚያውቅ ሠራተኛ እንዳላችሁ ስላስታወቃችሁ ነው።

በውሉ ላይ የገባችኋቸው ግዴታዎች ግልጽ ናቸው። ጥንቸሏ አየር ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ከቤታችን በቀጥታ ወደ ማቆያው ትወሰዳለች፤ ውሻና ድመት በሌለበት ክፍል ትቀመጣለች፤ እኛ የምናቀርበው የቲሞቲ ሣር ድርቆሽ ቀንም ሌሊትም ከፊቷ አይጠፋም፤ የበላችውና የጣለችው በጠጥ በየቀኑ ይመዘገባል፤ ለግማሽ ቀን ምግብ ካልቀመሰች ደግሞ ወዲያውኑ ለባለቤቴ እህት ስልክ ይደወላል። በእኛ በኩል የተጠየቅነውን ሁሉ አሟልተናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በደቡብ ምዕራብ የአሜሪካ ግዛቶች ለተዛመተው ገዳይ የጥንቸል ቫይረስ የሚሰጠውን ክትባት፣ በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለቱንም ዙር አስከትበናል። ጥርሷም ሆነ ሆዷ ጤናማ መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃም በርክክቡ ዕለት ለሾፌራችሁ ሰጥተናል።

የመጀመሪያው ጥሰት የተፈጸመው ገና በመንገድ ላይ ነው። ሾፌሩ ጁላይ 17 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጥንቸሏን ከበራችን ተረከበ፤ በማቆያው የመግቢያ ቅጽ ላይ የሰፈረው ሰዓት ግን ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ነው። ከእኛ ቤት እስከ ማቆያችሁ ያለው መንገድ፣ የመኪናውን መጨናነቅ ሁሉ ጨምሮ፣ አንድ ሰዓት አይሞላም። ሾፌሩ ለባለቤቴ እህት በኋላ እንደነገራት በመንገዱ ላይ ሌሎች ደንበኞች ዘንድ እየቆመ ውሾች ሲጭን ውሏል። ጥንቸል ላብ አያልባትም፤ ሙቀቷን በአብዛኛው የምታስወጣው በጆሮዋ ነው፤ የአየሩ ሙቀት ከ27 እና 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ትቸገራለች። የዋሽንግተን አካባቢ የጁላይ ቀትር ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በሩ በየጊዜው የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ውሻ የሚጮህበት መኪና ውስጥ ቀኑን ሙሉ የዋለች ጥንቸል ከመነሻዋ ደንግጣ እንደገባችላችሁ መገመት አያዳግትም።

ማቆያው ከደረሰች በኋላም የተቀመጠችው ቃል በተገባልን ክፍል አይደለም። «የትናንሾቹ እንስሳት ክፍል ሞልቶ ስለነበር ለጊዜው ነው» የሚለውን ምላሻችሁን ተቀብዬ ባልፈው እንኳ፣ ለጊዜው የተባለው እስከ መጨረሻው ከውሾቹ ጋር በአንድ ኮሪደር መዝለቁን ምን እንበለው? ቦታ አለመኖሩ የታወቀው እኛ ገና አውሮፕላን ሳንሳፈር ነው። በዚያው ሰዓት ቢነገረን ኖሮ የባለቤቴ እህት ወደ ቤቷ ትወስዳት ነበር።

የምግቡ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። የጥንቸል አንጀት ያለ ማቋረጥ መንቀሳቀስ አለበት፤ የሚያንቀሳቅሰውም በድርቆሽ ውስጥ ያለው አሰር ነው። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ የሚሞርድላትም ይኸው ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ሲቋረጥ አንጀቷ ይዘገያል፤ ጋዝ ይሞላል፤ ሕመሙ ደግሞ ጭራሽ ምግብ ያስጠላታል። ማስመለስ የማትችል እንስሳ ስለሆነች መውጫ የለውም፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለማስተማር አይደለም፤ በማስታወቂያችሁ ላይ እናንተው ራሳችሁ የጻፋችሁት ስለሆነ ነው። ይሁንና ከመኖሪያዋ አጠገብ በተገኘው ሳህን ውስጥ የነበረው የበቆሎ ፍሬና የሱፍ ፍሬ የተቀላቀለበት መኖ ነው፤ እኔ አፉን በሲባጎ አስሬ የላክሁት የድርቆሽ ከረጢት ደግሞ ቋጠሮው ሳይፈታ ከነሙሉነቱ ተመልሶልናል። ቋጠሮውን አሁንም አልፈታሁትም፤ ፎቶግራፉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ እመጣለሁ። አዲስ አበባ ሳለን በየማታው ከአንድ ፎቶ ጋር «ሻሼ ደህና ናት፣ በደንብ በልታለች» የሚል መልእክት ይደርሰን ነበር። ለጥንቸል ማቆያ ገንዘብ መክፈላችንን የሰሙ ዘመዶቻችን «ሆቴል አስገብታችኋት መጣችሁ?» እያሉ ሳቁብን፤ በኦሪት ከማይበሉት እንስሳት ጋር የተቆጠረች ጥንቸል በእኛ ሰው ቤት ለማዳ ሆና መገኘቷ ለትልልቆቹ እንግዳ ነገር ነው። እኛም አብረን ሳቅን፤ መልእክቱን ስላመንነው አንዳች ስጋት አልነበረንም። በኋላ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርገን ስናያቸው ግን፣ በተለያየ ቀን ተልከው ሳለ፣ ጫፏ የተቀደደው የሰላጣ ቅጠል በሁሉም ላይ ከሳህኑ በስተግራ በዚያው ቦታ ተጋድማለች፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውኃ ከአንዱ መስመር ዝቅም ከፍም አላለም። በአንድ ጊዜ ከተለያየ አቅጣጫ የተነሱ ፎቶዎች በየቀኑ እየተቆነጠሩ ሲላኩልን ነበር ማለት ነው።

የዕለት መዝገቡም ከዚህ የተሻለ አይደለም። የባለቤቴ እህት በጠየቀችው መሠረት የሰጣችኋት ቅጂ ላይ «በልታለች» በሚለው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች ምልክት ተደርጓል፤ ጥንቸሏ ሆስፒታል ተኝታ ለነበረበት ቀን ጭምር! የበጠጡ ዓምድ በአንጻሩ ባዶ ነው። ጥንቸልን የሚያውቅ ሰው ጠዋት ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው በጠጡን ነው፤ ሲያንስ፣ ሲደቅቅ ወይም ሲቀር አንጀቷ መድከሙን ያውቃል። ጥንቸል በተፈጥሮዋ ሕመሟን ትደብቃለች፤ አትጮህም፣ አታቃስትም። ስለዚህ እኛ የከፈልነው ለሽቦ ቤቱ ኪራይ ሳይሆን በየዕለቱ ለሚያያት ዓይን ነበር።

ሁኔታው የታወቀው በእናንተ ጥቆማ አይደለም። የባለቤቴ እህት እሑድ ጁላይ 27 ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በራሷ ተነሳሽነት ልትጠይቃት ጎራ ብላ፣ ጥንቸሏን ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ጥርሷን እያፋጨች አገኘቻት። ጆሮዋን ስትዳስሰው ቀዝቅዟል። ተረኛው ሠራተኛ «ተኝታ ነው» አላት። እሷ ግን ይዛት ወደ እንስሳት ሆስፒታል ሮጠች፤ ሐኪሟ በጻፈችው ማስረጃ መሠረት የሰውነቷ ሙቀት ጤናማ ጥንቸል ሊኖራት ከሚገባው በታች ወርዶ፣ ሆዷ በጋዝ ተወጥሮ፣ አንጀቷ እንቅስቃሴውን ወደ ማቆም ደርሶ ነበር። ራጅ ተነሳች፤ ፈሳሽና የሕመም ማስታገሻ ተሰጣት፤ በስሪንጅ እየተመገበች በሆስፒታሉ ተኛች። ሐኪሟ እንዲህ ያለው ሁኔታ በሰዓታት ውስጥ የተፈጠረ ሊሆን እንደማይችል በጽሑፍ አስፍራለች። ሻሼ ዛሬ በሕይወት አለች፤ ለዚህም የማመሰግነው ሆስፒታሉንና የባለቤቴን እህት ነው።

ከተመለስን በኋላ በስልክ ሳነጋግራችሁ የተሰጠኝ መልስ ሁለት ዓይነት ነበር። መጀመሪያ «ጥንቸል ደካማ ፍጥረት ናት፣ እናንተን ናፍቃ ይሆናል» ተባልሁ። ቀጥሎም ውሉ ቀድሞ ለነበረ ሕመም ድርጅቱ ኃላፊ እንደማይሆን እንደሚደነግግ ተነገረኝ። ቀድሞ የነበረ ሕመም አለመኖሩን የሚያረጋግጠው ማስረጃ በእናንተው ፋይል ውስጥ ይገኛል። ናፍቆት ነው ከተባለም፣ የናፈቀች ጥንቸል ምግብ ባቆመች በግማሽ ቀን ውስጥ ስልክ እንዲደወል ነበር የተዋዋልነው። በመጨረሻ «ለሚቀጥለው ቆይታ» የቀረበልኝን ቅናሽ አልቀበልም፤ የሚቀጥለው ቆይታ ሊኖር ይችላል ብሎ ማሰቡ ራሱ አስገርሞኛል።

ስለሆነም ለማጓጓዣና ለማቆያ የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ ደረሰኙ የተያያዘው የሆስፒታል ወጪም እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ። ከገንዘቡ ባላነሰ የምፈልገው ደግሞ ዋናው የዕለት መዝገብ ማን እንደሞላው ተገልጾ እንዲሰጠኝና ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሱ በጽሑፍ እንዲብራራልኝ ነው። ቃል የገባችሁት የተለየ ክፍል በእርግጥ ነጻ ሆኖ እስኪገኝ ድረስም ሌላ ሰው ጥንቸሉን አምኖ እንዳያስረክባችሁ ማስታወቂያችሁን እንድታነሱ አሳስባለሁ።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካልሰጣችሁኝ፣ ጉዳዩን ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አመለክታለሁ። በዚያም ካልተፈታ የምጠይቀው ገንዘብ በአነስተኛ ክሶች ከሚታየው የ5,000 ዶላር ጣሪያ በታች ስለሆነ ለሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ። መልሳችሁን በስልክ ሳይሆን በውሉ ላይ በሰፈረው አድራሻዬ በጽሑፍ እንድትልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የውሉ ፈራሚና የጥንቸሏ ባለቤት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ