እማዬ፣ ስለ ጎረቤቶቼ ጠይቀሽኝ ነበር

ለውድ እናቴ፣

እንደምን አለሽልኝ፣ ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። (ይሄ ካልተጻፈ ደብዳቤ አይባልም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።) በስልክ ስናወራ ገና ሳንጀምረው "በል ሂሳቡ እንዳይቆጥርብህ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ፣ በኢንተርኔት ነው አይቆጥርም ብልሽም አታምኚኝም፣ ስለዚህ በቴሌግራም ጽፌ ልኬዋለሁ፣ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ባለፈው "ጎረቤቶችህ ምን አይነት ሰዎች ናቸው፣ ፈረንጆቹ ያቀርቡሃል ወይ" ስትዪኝ ደህና ናቸው ብዬ አለፍኩሽ። በኋላ እህቴ ስትነግረኝ ቲቪ ላይ አሜሪካ ስደተኛውን እንዲህ አደረገ እንዲያ አደረገ ሲባል እየሰማሽ ሌሊቱን ሙሉ ስትጸልዪ ታድሪያለሽ አሉ። እና ልንገርሽ በደንብ።

የምኖርባት ወርቲንግተን ሚኒሶታ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከሚኒያፖሊስ በመኪና ሶስት ሰዓት ገደማ ትርቃለች፣ ዙሪያዋን በቆሎና አኩሪ አተር ነው፣ ሜዳ ስለሆነ ንፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም፣ ክረምት ላይ ፊትሽን በምላጭ የሚቆርጥሽ ነው የሚመስለው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990 ህዝቧ 10 ሺ አይሞላም ነበር፣ በ2020 ቆጠራ ወደ 14 ሺ ደርሷል። ትንሽ ጭማሪ ይመስላል፣ ግን እኮ እማዬ በዚህ አካባቢ ያሉት ሌሎች የገበሬ ከተሞች እየሞቱ ነው፣ ልጆቹ ተምረው ወደ ትልቅ ከተማ ይሄዱና አይመለሱም፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ይቺ ያልሞተችው በእኛ ነው። እኛ ስልሽ መጤዎቹ፣ ከሁሉም ቦታ። ድሮ በብዛት ከጀርመንና ከስካንዲኔቪያ የመጡ ሰዎች ልጆች ነበሩ፣ ከዛ በሰማንያዎቹ ላኦሶች መጡ፣ ቀጥሎ ሜክሲኮዎች፣ ጓቲማላዎች፣ ከበርማ የመጡ ካረን የሚባሉ ሰዎች፣ ሶማሌ፣ ኤርትራዊ፣ የኛ ሰው ኦሮሞውም አማራውም። ሁሉንም የጠራው አንድ ፋብሪካ ነው።

አሁን እንግዲህ እስከዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ፣ አትቆጪ። የስጋ ፋብሪካ ስልሽ በሬ መስሎሽ ዝም ብዬሻለሁ። አሳማ ነው እማዬ። በቀን ወደ 20 ሺ አሳማ ነው የሚታረደው። አልበላሁትም፣ በልቼውም አላውቅም፣ ጓንት በጓንት ላይ አድርጌ ነው የምነካው፣ የንስሃ አባቴንም አማክሬያለሁ፣ ያሉኝን በስልክ እነግርሻለሁ። ከኔ ጋር የሚሰሩት ሶማሌዎችም እስላም ሆነው እንደኔው ናቸው፣ እረፍት ላይ ምሳችንን ይዘን አንድ ጥግ እንቀመጣለን፣ እኔ በጾም ቀን ሽሮዬን እነሱ ሩዛቸውን። አሳማ ከማንበላው ሰዎች አሳማውን የሚቆርጠው ስንቱ እንደሆነ ብታዪ ትስቂ ነበር፣ ወይ ታለቅሺ ነበር።

ስራው ላይን ይባላል፣ ስጋው በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይመጣል፣ አንቺ ያቺኑ አንዲት ቁራጭ ቀኑን ሙሉ ትቆርጫለሽ። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አይዘረጉም፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የማላቅቃቸው። ግን እንግሊዝኛ ብዙ አይጠይቅም፣ ክፍያውም ሚኒያፖሊስ ፓርኪንግ ስሰራ ከማገኘው ይሻላል። አጠገቤ የሚቆመው ልጅ ጓቲማላዊ ነው፣ እኔ ስፓኒሽ አፍ መፍቻው መስሎኝ አንዳንድ ቃል ስለማምድበት ሳቀብኝ፣ ለካ የራሱ ቋንቋ ማም የሚባል ነው፣ ስፓኒሹን እሱም የተማረው ትምህርት ቤት ነው። ወዲያው ትዝ ያለኝ ማን መሰለሽ፣ ከኛ በታች የነበሩት የከምባታዎቹ አባወራ፣ አማርኛው ሲደናቀፍበት ልጆች ሆነን የምናሾፍበት።

መርቲ እኮ ነው እማዬ፣ ያደግኩባት የመተሃራ የስኳር ሰፈር! ይቺ ከተማ ቁርጥ መርቲ ናት። በጃንሆይ ጊዜ ሆላንዶቹ መተሃራ ላይ ሸንኮራ ተከሉ፣ አገዳ ቆራጩ ከከምባታ ከሃዲያ ከወላይታ ይመጣል፣ ቢሮ የሚቀመጠው ሌላ፣ ሱቅ የሚከፍተው ሌላ፣ አንቺ ደግሞ ከምንጃር ተድረሽ። አገዳው ሲቃጠል ጥቁሩ አመድ ያጠብሽው ነጠላ ላይ እየወረደ ስትራገሚ ይታየኛል። እዚህ ደግሞ ነፋሱ ሲዞር የአሳማው ሽታ ነው፣ ፈረንጆቹ "የገንዘብ ሽታ ነው" ይላሉ።

ሁሉ ነገር ጥሩ ነው ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። በዲሴምበር 12 ቀን 2006፣ እኔ ገና ሳልመጣ፣ ኢሚግሬሽን በአንድ ቀን በተለያየ ስቴት ያሉ ስድስት የስጋ ፋብሪካዎችን ወርሮ ወደ 1,300 ሰው አሰረ፣ አንዱ የዚህ ከተማው ነበር። ሜክሲኮዎቹ የጓዳሉፔ ማርያምን በሚያከብሩበት ቀን! አንዲት አብራኝ የምትሰራ ሴትዮ ያን ቀን ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው እናት አባታቸውን እንዳጡ ስታወራ እስካሁን ቢላዋዋን ታስቀምጣለች። አሁንም ነጭ ቫን ፋብሪካው በር ላይ በቆመ ቁጥር ስልኩ ሁሉ ይጮሃል። እኔ ወረቀቴ ሙሉ ነው፣ አትስጊ። ግን ወረቀት ያለውም ቢሆን ሆዱ ይንቦጫቦጫል።

ከዛ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ነገር አለ። ልጁ በዛ፣ ክፍሉ ጠበበ፣ ለአዲስ ህንጻ ህዝቡ ድምጽ ይስጥ ተባለ፣ ከ2013 ጀምሮ በተደጋጋሚ ወደቀ። አንዳንዱ ምክንያት እውነት ነበረው፣ እዚህ የትምህርት ቤት ህንጻ ግብር ቤትና መሬት ላይ ነው የሚጣለው፣ ብዙ ሄክታር ያለው ገበሬ ብዙ ይከፍላል። ግን ሁሉም የግብር ነገር አልነበረም፣ "የማን ልጅ ነው የማስተምረው" የሚለውም ነበረበት፣ ተደብቆ አይደለም ጮክ ተብሎ ነው የሚባለው። በመጨረሻ በኖቬምበር 2019 አለፈ።

ጎረቤቴ ባልቴት ናት፣ ሰማንያዎቹ ውስጥ ሳትሆን አትቀርም፣ ባሏ ገበሬ ነበረ አሉ። ያኔ ግቢዋ ውስጥ "አይሆንም ብላችሁ ምረጡ" የሚል ምልክት ተክላ ነበር። እኔ ቤቱን የገዛሁት ከሷ አጠገብ ነው (አዎ ቤት ገዝቻለሁ፣ በባንክ ብድር፣ እልል በይ ግን ለሰው ሁሉ አታውሪ)። መጀመሪያ ክረምት በረዶዋን ጠረግኩላት፣ በመስኮት አየችኝ፣ እጇን እንኳ አላነሳችም። ለገና ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ ሰሃን ሙሉ ይዤላት ሄድኩ። ተቀበለችኝ። በሁለተኛው ቀን ሰሃኑን አጥባ ባዶውን በሬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ባዶውን! እማዬ የሰው ሰሃን ባዶ አይመለስም ብለሽ አይደል ያሳደግሽኝ፣ ያን ቀን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሽማግሌ ሆኜ ተከፋሁ። ለጓቲማላው ልጅ ስነግረው ፈረንጅ ይሄን ህግ አያውቀውም አለኝ፣ ልክ ነው፣ ግን ሆድ አይሰማም።

መስከረም ላይ እዚህ የተርኪ በዓል አለ፣ ያቺ ትልቋ ዶሮ መሳይ። ከቴክሳስ ኩዌሮ ከምትባል ከተማ ተርኪ ጋር ዋናው መንገድ ላይ ይሽቀዳደማሉ። እውነቴን ነው፣ ለወፍ ሩጫ ከተማው በሙሉ ይወጣል። የኛዋ ስሟ ፔይቼክ ነው፣ ደሞዝ ማለት፣ እንደ ደሞዝ ቶሎ የሚያልቅ ነገር የለም ብለው። ባለፈው ዓመት ላይ እኔ ቆሜ ሳይ ባልቴቷ በተሽከርካሪ ወንበር መጥታ አጠገቤ ሆነች፣ ዙሪያችን ያለው የካረን ልጅ፣ የሜክሲኮ ልጅ፣ የኛ ልጅ። ዞር ዞር ብላ አየችና "ድሮ ሁሉንም በስሙ አውቀው ነበር" አለች። ከተንኮል አልነበረም፣ እንዲሁ የጠፋባት ሰው ነው የምትመስለው። ምን ልበላት፣ "እኔም መተሃራ ብሄድ አሁን ማንንም በስም አላውቅም" አልኳት፣ መተሃራ የት እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም።

እዚህ ያለው ሃይቅ ኦካቢና ይባላል፣ የዳኮታዎች ቋንቋ ነው አሉ፣ ሳቢሳ የምትባለው የውሃ ወፍ የምትፈለፍልበት ማለት። ዳኮታዎቹ ከፈረንጆቹ በፊት የነበሩት ናቸው፣ ከ1862ቱ ጦርነት በኋላ አባረዋቸዋል፣ እዚህ ስማቸው ብቻ ቀረ። ሃይቁ ዳር ስቀመጥ የሚመጣብኝ የመተሃራው ሃይቅ በሰቃ ነው፣ ከዛም ያቺ የግመል ወተት ይዛ የምትመጣው የከረዩ ሴትዮ። ሸንኮራው ያለበት መሬት የከብቶቻቸው ግጦሽ እንደነበር ስትነግርሽ "ታዲያ ምን እናድርግ" ብለሻት ወተቱን በሰፈርሽ። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምላት።

ባለፈው ነሐሴ ባልቴቷ በሬን አንኳኳች፣ በከረጢት በቆሎ ይዛለች፣ የታናሽ ወንድሟ እርሻ ነው፣ ስኳር ነው የሚመስለው ቅቤ እንኳ አይፈልግም። "ለበረዶው" ብላኝ ሄደች። ከስምንት ወር በኋላ!

እና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የከምባታዎቹ እናት መጀመሪያ ስትመጣ አንቺ ቆጮዋ ይሸታል ብለሽ በራችንን ትዘጊ እንደነበር አስታውሳለሁ፣ ትንሽ ነበርኩ ግን አስታውሳለሁ። በኋላ ደግሞ አባዬ ሲሞት ሰባቱን ቀን ወጥ የሰራችው እሷ ናት። መሀሉ ላይ የሆነውን ነው የማላውቀው። ቡናዋን መጀመሪያ የጠጣሽው እንዴት ነበር፣ ጠርታሽ ነው ወይስ ራስሽ ሄደሽ? ለእህቴ ንገሪያትና በቮይስ ትላክልኝ።

ልጅሽ